የክረምት ዕረፍትና የጭቃ ቤት
የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለገጠር ቤት ጥገና ስለ ማሰማራት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ

ትምህርት ቤቶች በዓመቱ መጨረሻ ሲዘጉ በየወረዳው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ዕቅድ ይወጣል። ችግኝ መትከል፣ ደም መለገስ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠትና የአረጋውያንን ቤት ማደስ በዕቅዱ ውስጥ ዘወትር የሚገኙ ተግባራት ናቸው። ችግኝ ተከላ ከወቅቱ ጋር ይስማማል፤ ዝናቡን ይፈልገዋልና። ቤት ማደስ ግን ከዝናቡ ጋር አይስማማም። በሐምሌ የተመረገ ግድግዳ አይደርቅም፤ በነሐሴ የተከፈተ ጣሪያም ለባለቤቱ ከቀድሞው የባሰ ሌሊት ያመጣል። ተማሪዎች ነጻ የሚሆኑበት ጊዜና ቤት የሚጠገንበት ጊዜ የማይገናኙ መሆናቸው በዕቅድ ወረቀት ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አመራሮች፣ ለመምህራንና ለልማት ሠራተኞች የቀረበ ሲሆን፣ አገልግሎቱ በምን ወቅት፣ በማን እጅና በምን ቅደም ተከተል ቢከናወን ለባለቤቱ በእርግጥ እንደሚጠቅም ይመረምራል።

እዚህ የምንነጋገረው በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን በብዛት ስለሚገኘው፣ በእንጨት ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭቃ ስለሚመረገው፣ ክዳኑም ሣር ወይም ቆርቆሮ ስለሆነው የገጠር ቤት ነው። የድንጋይ ቤት የሚሠራባቸው አካባቢዎች የራሳቸው ሥርዐት ስላላቸው ለብቻ ሊታዩ ይገባል።

ደቦ የማይጠራለት ቤት

የገጠሩ ሕዝባችን ቤት በጋራ የመሥራት ልማድ የጎደለው አይደለም። ደቦ፣ ጅጌ፣ ወንፈል የሚባሉት የኅብረት ሥራ ዓይነቶች ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ናቸው። ታዲያ በዚህ ሁሉ መካከል የአንዲት አረጋዊት ግድግዳ ለዓመታት ተሰንጥቆ፣ ክዳኑም ሣስቶ የሚቀረው ስለ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጎረቤት ጭካኔ አይደለም። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ ጉልበቱን የሰጠ ነገ ጉልበት ይቀበላል። ጉልበት የሌለው ሰው ብድሩን ሊመልስ ስለማይችል ወደ ወንፈሉ አይገባም። ደቦ ደግሞ ድግስ ይጠይቃል። ጠላ ያልጠመቀ፣ እንጀራ ያላዘጋጀ ሰው ደቦ ለመጥራት አፉን አይከፍትም፤ ጎረቤት «ግድ የለም፣ እንምጣ» ቢል እንኳ ባዶ እጅን አሳይቶ ሰው ማሠራት ለብዙዎች ከሚያፈስ ቤት የከፋ ኀፍረት ነው።

ስለዚህ የተማሪዎቹ አገልግሎት የሚሞላው ክፍተት የጉልበት እጥረት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ድግሱንና ብድሩን ከችግረኛው ትከሻ ላይ ማንሣቱ ይበልጣል። ይህ ከተዘነጋ አገልግሎቱ ራሱ ሸክም ይሆናል። አርባ ተማሪዎች ወደ አንዲት መበለት ደጅ ሲደርሱ፣ ማንም ምንም ባይጠይቃቸውም፣ እኒያ እናት ያላቸውን የመጨረሻ ቁና ሽሮ ወይም ከጎረቤት የተበደሩትን ቡና ማቅረባቸው አይቀርም፤ እንግዳን ባዶ አፉን መሸኘት ያደጉበት ወግ አይደለምና። አስተባባሪዎች የተማሪዎቹን ምግብና ውሃ ይዘው መሄድ፣ የሚቀርበውም ለባለቤቲቱ ጭምር እንዲሆን ማድረግ ይኖርባቸዋል። ይህ በዕቅዱ በጀት ውስጥ ከቆርቆሮውና ከሚስማሩ እኩል በስሙ ሊጻፍ የሚገባው ወጪ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው የብዙ እጅ በረከት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አራት በአምስት ሜትር በሆነች ቤት ውስጥ ሃምሳ ሰው ጌጥ ሊሆን አይችልም። ሰባት ወይም ስምንት ተማሪዎች፣ ሁለት አዋቂዎችና አንድ የአካባቢው አናጢ ለአንድ ቤት ይበቃሉ። የቀሩት ወደ ሌላ ቤት ቢሄዱ ይሻላል።

ስለ ቀደሙ ሙከራዎች በአጭሩ

ተማሪን ወደ ገጠር የማሰማራት ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጨምሮ 60 ሺህ የሚያህሉ ተማሪዎችና መምህራን ተሰማርተዋል። ሁለቱም ግዴታዎች ነበሩ፤ ፈቃድ የሚባለው ነገር አልነበረባቸውም። ስለ ዘመቻው የሚነሣው ክርክር ብዙ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ለርእሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ከባሕር ማዶ የሚገኝ ምሳሌ ነው። በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ ከምድሩ የድንጋይ ከሰልና ጣውላ ለብዙ ዓመታት ሲወጣ ያየ፣ ራሱ ግን በድህነት የቀረ ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ቴክስ ኢቫንስ በመባል የሚታወቁ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በኬንታኪ ግዛት ባርበርቪል አጠገብ 50 በጎ ፈቃደኞችን አሰባስበው 4 ቤቶችን አስጠገኑ። ከዚያ የተወለደው አፓላቺያ ሰርቪስ ፕሮጀክት የተባለ ድርጅት እስከ ዛሬ በየበጋቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ከአዋቂዎች ጋር በትንንሽ ቡድን እየመደበ ቤት ያስጠግናል። ከእነርሱ ልምድ ልንወስደው የሚገባን ነገር የዓላማቸው ልክ ነው። ቤቱን አዲስና ያማረ እናደርጋለን አይሉም፤ ከቀድሞው ይልቅ የሞቀ፣ የደረቀና ከአደጋ የተጠበቀ እናደርጋለን ይላሉ። እነዚህ ሦስት መለኪያዎች ለእኛም የጭቃ ቤት ያገለግላሉ። የማያገለግለን ግን የጊዜ ሰሌዳቸው ነው፤ የእነርሱ ተማሪዎች የሚያርፉበት ወቅት ለግንባታ የተመቸ ሲሆን የእኛ ተማሪዎች የሚያርፉበት ወቅት ክረምት ነውና።

ቤቱና ወቅቱ

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆጠራል። የጭቃ ቤትን ሥራ በእነዚህ አራት ክፍሎች ላይ ብናስቀምጠው እያንዳንዱ ሥራ ቦታውን ራሱ ያገኛል።

በክረምት ሊሠራ የሚገባው የውሃ ሥራ ነው። የገጠር ቤትን የሚጥለው ብዙውን ጊዜ እርጅና ሳይሆን ውሃ ነው፤ ውሃውም ከላይ ብቻ አይመጣም። ከሽቅቡ የሚወርደው ጎርፍ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል፤ ከክፈፉ የሚንጠባጠበው ጠብታ መሬት ላይ እየፈነጠቀ የግርጌውን ምርጊት ያረግፈዋል። ምርጊቱ ሲረግፍ ቋሚው እንጨት ይጋለጣል። እንጨት ደግሞ የሚበሰብሰው ሙሉ በሙሉ ከተቀበረው ወይም ሙሉ በሙሉ ከተገለጠው ክፍሉ ይልቅ አፈሩ በሚያልቅበትና አየሩ በሚጀምርበት መስመር ላይ ነው፤ እርጥበትና ድርቀት የሚፈራረቁበት ቦታ እርሱ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። እንግዲህ በሐምሌ ወር አካፋና ዶማ የያዙ ስምንት ተማሪዎች ከቤቱ በስተ ሽቅብ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቀው ቦይ ቢቆፍሩ፣ ውሃውም ወደ ማን ማሳ ወይም ወደ ማን ደጅ እንደሚወርድ አስቀድመው ከጎረቤት ጋር ቢስማሙ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ለቤቱ ከማንኛውም ልስን የሚበልጥ ዕድሜ ይጨምሩለታል። ቦዩ ወደ ግድግዳው እግር ከተጠጋ ግን የሚያድነውን ቤት ራሱ ይንደዋል።

በክረምት ሊሠሩ የሚችሉ ሌሎችም አሉ። ያዘነበለን ግድግዳ በአጠና መደገፍ፣ የተነቀለ በር መጠገንና መቀርቀሪያ ማበጀት፣ የሚተኛበትን መደብ ከእርጥበት ከፍ ማድረግ፣ እህሉን ከሚያፈሰው ጥግ ማንሣት፣ ቀዳዳው ግልጽ የሆነን ቆርቆሮ ፀሐይ በወጣበት ማለዳ አንሥቶ መተካት ይቻላል። በሣር ክዳን ላይ ደግሞ የሳሳውን ቦታ ለጊዜው በጭድ ወይም ቀድሞ በተቀመጠ ሣር መሸፈን ይበቃል። በዚህ ወቅት ፈጽሞ የማይሠሩት ምርጊትን ማራገፍ፣ ቋሚ መለወጥና ጣሪያን ሙሉ በሙሉ መክፈት ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ የተመረገ ጭቃ ከውጭ ይታጠባል፤ ከውስጥም እርጥበቱን ለማገርና ለቋሚው ይሰጣል፤ ባለቤቱም በእርጥብ ግድግዳ መካከል፣ በምድጃ ጢስ ታፍኖ ይተኛል። ሳንባው ለደከመ አረጋዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መጸው ሲገባ ዝናቡ ያበቃል፤ ምድሩ ግን ገና ውሃ አለው፣ ምንጩም አልደረቀም። ለምርጊት ከሁሉ የተመቸው ጊዜ ጥቅምት ነው፤ ጭቃው ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ስንጥቁ ያንሳል። ችግሩ ሁለት ነው። ተማሪዎቹ ትምህርት ላይ ናቸው፤ ለጭቃው የሚያስፈልገው ጭድም ገና ከአውድማ አልወጣም። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው፦ ቅዳሜን መጠቀም፣ ያለፈውን ዓመት የጤፍ ጭድ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ከገበሬዎች ለምኖ በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ገጠሩ ሁሉ አጨዳና ውቂያ ላይ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ወደ ወላጆቻቸው ማሳ ይፈለጋሉ፤ በዚያን ጊዜ ቤት ጥገና ማወጅ ገበሬውን ማስቸገር ይሆናል።

ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ብዙዎቻችን በዕቅድ የማናስበው ነው፤ እርሱም በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል፣ በጥር ማብቂያና በየካቲት መግቢያ ገደማ የሚገኘው አጭር ዕረፍት ነው። ውቂያው አልቋል፤ አዲስ ጭድ ሞልቷል፤ ከዝናቡ በኋላ ታጭዶ የደረቀው የክዳን ሣር ይገኛል፤ የገበሬውም እጅ ከሌላው ጊዜ ይቀላል። ጣሪያ ቢከፈት ሌሊቱን ዝናብ የሚገባበት ስጋት አነስተኛ ነው። ዕረፍቱ አጭር ቢሆንም ዝግጅቱ በክረምትና በመጸው ከተጠናቀቀ የአንድን ቤት ዋና ጥገና ለመፈጸም ይበቃል። እዚህ ላይ የነነዌ ጾም ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ መካከል ከፍ ዝቅ እያለ እንደሚውል፣ ዐቢይ ጾምም ቢወርድ ከየካቲት 1 ሊጀምር እንደሚችል አስቦ፣ ከባዱን ሥራ ማለዳ መሥራትና ምግቡን በዚያው ልክ ማሰናዳት የአስተባባሪው ድርሻ ነው። የወርኃዊ በዓላቱን ቀንም ከአጥቢያው ካህናት ጋር ተነጋግሮ ሰሌዳውን ማስተካከል ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

በዚህ አካሄድ ክረምቱ ባዶ አይሆንም። ክረምት የቦይ፣ የድጋፍና የጥናት ጊዜ ይሆናል፤ ጥርና የካቲት የምርጊትና የክዳን። አንድ ወረዳ በክረምት 30 ቤት አደስሁ ብሎ ሪፖርት ከሚያደርግ፣ በክረምት የ30 ቤቶችን ውሃ አስወግዶ ከእነዚያ መካከል 10ሩን በበጋ ቢመርግ በእኛ አስተያየት ይበልጣል። የሪፖርት ቅጾቻችን የበጀት ዓመቱ በሰኔ 30 ሲዘጋ የተጠናቀቀ ቁጥር ስለሚጠይቁ ይህን ማስረዳት ቀላል እንደማይሆን እናውቃለን።

ባለቤቲቱ ምን ይላሉ?

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ስለ ቤት ደዌ የተሰጠው ሥርዐት ለግንበኛ ሳይቀር የሚጠቅም ቅደም ተከተል አለው። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ ከታየ በኋላ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ዳግመኛ ይታያል፤ የተበላሸው ድንጋይ ወጥቶ በሌላ ይተካል፤ ሌላ ጭቃ ይለሰናል፤ ከዚያም ችግሩ ተመልሶ እንደ ሆነ እንደገና ይመረመራል። ማየት ሁለት ጊዜ፣ መሥራት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ተመልሶ ማየት ማለት ነው። የእኛ አገልግሎት ብዙ ጊዜ መካከለኛዋን ብቻ ይይዛል።

የመጀመሪያው ጉብኝት በግንቦት ወይም በሰኔ፣ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ መምህርና የአካባቢው አናጢ ሆነው የሚያደርጉት ነው። ሜትርና ደብተር ይያዛሉ፤ ነገር ግን ከሜትሩ በፊት ጥያቄ ይቅደም። «እማማ፣ በዚህ ቤት ከሁሉ በፊት የሚያስቸግርዎት የቱ ነው?» ተብለው የተጠየቁ እናት መልሳቸው እኛ ከገመትነው ሊለይ ይችላል። እኛ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ስናይ እርሳቸው ሌሊት የማይቀረቀረውን በር ያስባሉ፤ ጅቡን የሚሰሙት እርሳቸው ናቸው። እኛ የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ ለመለወጥ ስንጣደፍ እርሳቸው የሣሩን ሙቀት ሊወዱ ይችላሉ። ቆርቆሮ ብዙ ዓመት ማገልገሉ፣ የክዳን ሣርም በብዙ ቦታ እየጠፋ መምጣቱ እውነት ነው፤ ስለዚህ ቆርቆሮ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ይሁንና ሣር ጢሱን በየቀዳዳው ያስወጣል፤ ቆርቆሮ ግን ይከለክለዋል። በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ከምድጃው በላይ ጢስ መውጫ ካልተበጀለት፣ የደረቀው ቤት የታፈነ ቤት ይሆናል። ቆርቆሮ ሲገዛም በጌጅ ቁጥሩ መጠንቀቅ ይገባል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ሚስማሩ በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም።

ቀጥሎ የሚጣራው የቤቱ ባለቤትነት ነው። ቤቱና ቦታው የማን እንደ ሆነ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በማን ስም እንደሚገኝ፣ ሌላ ወራሽ ነኝ ባይ እንዳለ ከቀበሌውና ከአገር ሽማግሌዎች መረዳት ያስፈልጋል። የወደቀ ቤት የሚከራከርበት ሰው የለም፤ በአዲስ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ግን ለዓመታት ያልታየ ዘመድ ብቅ ሊል ይችላል። አረጋዊቷ በተጠገነው ቤታቸው ውስጥ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እንደሚኖሩ በሽማግሌዎች ፊት በጽሑፍ ማስፈር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ምርጫውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የሚመረጡት ቤቶች ዝርዝር በአንድ ሰው እጅ ከተዘጋጀ፣ መናገር የሚችለው ይጻፋል፤ በእድር ያልታቀፈው፣ በበሽታ ከሰው የተለየው፣ ከአጥቢያው ሩቅ የሚኖረው ይቀራል። ቀበሌው፣ እድሩና የሃይማኖት አባቶች ዝርዝሩን በየበኩላቸው አውጥተው ቢያነጻጽሩት ጥሩ ነው። መለኪያው የቤቱ አደጋና የባለቤቱ አቅም ብቻ ነው፤ የሙስሊም ጎረቤት ቤትም በዚሁ መለኪያ ይታያል።

ፎቶግራፍን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ለጥገና ሲባል ዕቃው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፤ አንድ ሰው የሸሸገው ድህነት በመንደሩ ፊት ይሰጣል። እንደዚህ ያለ ጽሑፍ የሚወጣባቸው መጽሔቶች ጭምር «ከጥገናው በፊት» የሚል ሥዕል እንወዳለን። የግድግዳውን ስንጥቅ ማንሣት ይበቃል፤ የባለቤቲቱን ፊት፣ የወጣውንም ምንጣፍ ማንሣት ለሪፖርቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ዕቃው የሚቀመጥበትን የጎረቤት ጓዳ አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ የሚሸከሙትንም ባለቤቲቱ የሚመርጧቸው ሁለት ሰዎች ማድረግ ለክብራቸው የተሻለ ነው።

ጭቃው በቁጥር ሲታይ

በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ሲያስቡ እንጨትና ቆርቆሮውን ይቆጥራሉ፤ ውሃውን ይረሱታል። አንድ ምሳሌ እናስላ። 4 በ5 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 18 ሜትር ነው። የግድግዳው ከፍታ 2 ሜትር ከ20 ቢሆንና የበሩ ስፋት ቢቀነስ የሚመረገው ገጽ 38 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንዱን ገጽ ብቻ ለመምረግ ከ1 ሜትር ኩብ በላይ፣ ማለትም 1,140 ሊትር የሚሆን ጭቃ ያስፈልጋል። ከዚህ ሩቡ ወይም ሲሶው ውሃ ነው ቢባል፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ14 እስከ 19 ጊዜ መቅዳት ማለት ነው። ውስጡም ውጭውም የሚመረግ ከሆነ እጥፍ ይሆናል። ምንጩ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ ይህን ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ካልታሰበበት የመንደሩ ሴቶችና ልጃገረዶች ይሆናሉ፤ በየካቲት ደግሞ የምንጩ ውሃ ራሱ ቀንሷል። አህያ መከራየት፣ ወይም ወንዶቹም ሴቶቹም ተማሪዎች ተራ ገብተው ማለዳ ቀድተው በርሜል መሙላት የዕቅዱ አንድ አካል ይሁን።

ጭቃው በአንድ ቀን ተቦክቶ በዚያው ቀን አይመረግም። ድንጋዩና ሥሩ ከተለቀመለት አፈር ጋር ጭዱ ተቀላቅሎ፣ እየተረገጠና ውሃ እየተጨመረለት፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ሊብላላ ይገባል፤ ያን ጊዜ ይለጥጣል፣ ስንጥቁም ያንሳል። ይህ የአገሬው ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እንግዲህ ተማሪዎቹ ሰኞ መጥተው ሰኞ ሊመርጉ አይችሉም፤ ከሳምንት በፊት በነበረው ቅዳሜ አቡክተው መሄድ አለባቸው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጠቅ ሁለተኛው ቀጭን ልስን ይከተላል፤ ሁለተኛውን ሳይጠብቁ መመለስ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ስለ ተማሪዎቹ

በወረዳ ከተሞች ከሚማሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የገጠር ልጆች ናቸው። በከተማው ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰብ ተመልሰው ስንቅ ይዘው የሚመጡ ናቸው። ጭቃ ማቡካትን ከማንም መማር አያሻቸውም፤ በአንጻሩ ለመጓጓዣና ለምግብ መዋጮ መክፈል አይችሉም። መዋጮ የሚጠየቅበት በጎ ፈቃድ ችሎታ ያላቸውን ልጆች አስቀርቶ ገንዘብ ያላቸውን ይሰበስባል። የሥራ ክፍፍሉም ይታሰብበት፦ ልጃገረዶች ለምግብና ለውሃ፣ ወንዶች ለመዶሻና ለሜትር ተብሎ ሲመደብ እንደ ተለመደ ነገር ይታለፋል። በብዙ አካባቢ ምርጊትና ልስን የሴቶች ሙያ እንደ ሆነ ግን ልብ ይሏል፤ ለዚህ ክፍል አሠልጣኝ የምትሆነው የመንደሩ ባለሙያ ሴት ናት፤ ለእርሷም ለአናጢውም የቀን ሒሳብ ሊከፈላቸው ይገባል። በጎ ፈቃድ የተማሪዎቹ እንጂ በዕለት ሥራ የሚተዳደር ሰው ግዴታ አይደለም።

ደኅንነትን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መነሻ ዕድሜን 15 ዓመት፣ የወጣት ሠራተኞችንም የቀን ሥራ ቢበዛ 7 ሰዓት ያደርጋል። ለበጎ ፈቃድ አገልግሎትም ይህን ልክ መያዝ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ለጾም ቀን 7 ሰዓት ይበዛል። ጣሪያ ላይ የሚወጣው አናጢው ነው፤ ተማሪው ከታች ያቀብላል። አሮጌ ክዳን ሲወርድ እባብና ጊንጥ ስለማይጠፋበት በእጅ ሳይሆን በመንሽ ይነሣል። የዛገ ሚስማር ለመንጋጋ ቆልፍ ስለሚያጋልጥ፣ ክትባቱን ስለ መውሰዳቸው ከጤና ጣቢያው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ጭቃ በባዶ እግር መርገጥ የኖረ ልማድ ቢሆንም በጭቃው ውስጥ ስባሪ ጠርሙስና እሾኽ አለ፤ በቀይ አፈር ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን ለሚያሳብጠው የዝኆኔ ዓይነት እንደሚያጋልጥ የታወቀ ነው። ቦቲ ጫማ ማዘጋጀት፣ ካልተቻለም ከሥራ በኋላ እግርን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይገባል። እንጨትን ከምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ ሁሉ እጃቸውን መሸፈን፣ ከምግብና ከውሃ ዕቃም ማራቅ አለባቸው። ቋሚውን በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ከተቻለ ግን ከዘይቱ ይልቅ እርሱ ይመረጣል።

ተመልሶ ማየት

ቤቱ ተመርጎ ሲያልቅ የቡድኑ ደብተር አይዘጋም። በደብተሩ ላይ የቤቱ ልክ፣ የተተኩት ቋሚዎች ብዛት፣ የቦዩ አቅጣጫ፣ የተረፈው ቆርቆሮና ሚስማር የት እንደ ተቀመጠ፣ የአናጢውም ስም ይጻፋል፤ አንዱ ቅጂ ለእድሩ፣ ሌላው ለትምህርት ቤቱ ክበብ ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት በዚያ አይገኙም፤ ስለዚህ በየቡድኑ ቢያንስ ሦስቱ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሊሆኑ ይገባል።

የመጨረሻው ጉብኝት ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ በሰኔ መጀመሪያ ነው። በዓመቱ ውስጥ በቦዩ የተከማቸው አፈርና ቅጠል ይጠረጋል፤ ክፈፉ ከሚንጠባጠብበት በታች ያለው የግድግዳ ግርጌ በእጅ እየተዳሰሰ ይታያል፤ በሩ ይዘጋ እንደ ሆነ ባለቤቲቱ ይጠየቃሉ። ስንጥቅ ከተገኘ አንድ ባሬላ ጭቃ ይበቃዋል፤ ጭቃው ግን ከሳምንት በፊት መቦካት አለበት፤ ስለዚህ ቀኑ በግንቦት ወር ለባለቤቲቱ ይነገራቸዋል።